አራተኛው የዱቤ መዝገብ

በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ደብተር አለው። ደንበኛው ምን ያህል እንደ ወሰደ፣ በቀጠሮውም ቀን መክፈል አለመክፈሉን የሚያረጋግጠው ከዚያ ደብተር ነው። በአሜሪካ ይኸው የባለሱቅ ደብተር ውሎ አድሮ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። በ1899 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ወንድማማቾች በአትላንታ ከተማ የሸማቾችን የአከፋፈል ጠባይ መዝግቦ ለነጋዴዎች የሚሸጥ ድርጅት አቋቋሙ፤ ዛሬ ኢክዊፋክስ የሚባለው ኩባንያ መነሻው ይህ ነው። ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን ጋራ ሦስቱ ታላላቆች እየተባሉ ይጠራሉ።

ስሙ ከነዚህ ጋራ እምብዛም የማይነሣ አራተኛ መዝገብ ያዥ አለ። ኢኖቪስ ይባላል፤ መቀመጫውም በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ ነው። እርሱም እንደ ሌሎቹ ከአበዳሪዎች የሚላክለትን መረጃ ያጠራቅማል። ሆኖም አንድ ባንክ ብድር ልስጥ ወይስ ልከልክል ብሎ በሚያመነታበት ጊዜ በብዛት የሚጠይቀው ሦስቱን ነው፤ የኢኖቪስ ዋና ገበያ የአመልካቹን ማንነት በማረጋገጥና ማጭበርበርን በመከላከል ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የዚህን ኩባንያ ስም ሳይሰማ ይኖራል። የእርሱ ስም ግን በዚያ መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል። የቤት መግዣ ብድሮችን ከባንኮች የሚገዛው ፋኒ ሜ የተባለው ድርጅት፣ ብድሩን የሚያስተዳድሩለት ኩባንያዎች የተበዳሪውን አከፋፈል ለአራቱም መዝገብ ያዦች እንዲያስታውቁ ያዛል።

የዚህ ነገር ክብደት ጎልቶ የታየው በ2017 ነው። በዚያ ዓመት ከኢክዊፋክስ መዝገብ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ስም፣ የልደት ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ተሰረቀ። በሌላ ሰው ስም ብድር ለማውጣት ከዚህ የበለጠ መሣሪያ የለም። መከላከያው መዝገብን ማሸግ ነው፤ መዝገቡ የታሸገበትን ሰው ታሪክ አዲስ አበዳሪ ሊያይ አይችልም፤ ሳያይ የሚያበድርም ጥቂት ነው። ከመስከረም 21 ቀን 2018 ጀምሮ በሦስቱ ታላላቆች ዘንድ ማሸግም ሆነ መክፈት በሕግ ያለ ክፍያ ሆኗል፤ ኢኖቪስም ይህን አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። ነገር ግን ለአንዱ የቀረበ የማሸግ ጥያቄ ለሌላው አይተላለፍም። ሦስቱን አሽጎ አራተኛውን የረሳ ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

ስሕተትም ሌላ ችግር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2012 ባወጣው ጥናት፣ ከአምስት ሸማቾች አንዱ ከሦስቱ መዝገቦች ቢያንስ በአንዱ ላይ ስሕተት ተገኝቶበታል። ጥናቱ ኢኖቪስን አልጨመረም፤ እርሱ ብቻ ከስሕተት ነጻ ነው ብሎ ለማመን ግን ምክንያት አይገኝም። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን በተለይ ሊያስቡበት ይገባል። የአገራችን ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ስለ ሆነ ባልና ሚስት አንድ የቤተ ሰብ ስም የላቸውም፤ ያው አንድ ስምም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በባንኩ ወረቀት ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። በዚህ ምክንያት የአንዱ ሰው ታሪክ ለሁለት ሊከፈል፣ የባዕድ ሰው ዕዳም ሊጨመርበት ይችላል።

በ1970 የወጣው የመዝገብ ሕግ ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያይና እንዲቃወም መብት ሰጥቶታል። ተቃውሞ የቀረበለት መዝገብ ያዥ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ ማረም ወይም መሰረዝ አለበት። የሦስቱ ግልባጭ በአንድ የጋራ የኢንተርኔት አድራሻ በነጻ ይገኛል፤ የኢኖቪስ ግን በዚያ የለም፤ በቀጥታ ከራሱ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ክፍያ የለውም። መዝገብ እናጸዳለን እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች ባለጉዳዩ ራሱ በነጻ የሚያደርገውን ነው የሚሸጡለት።

አራቱ በአንድነት የሚሠሩበት ጉዳይም አለ። ያልተጠየቀ የብድር ግብዣ በፖስታ እየመጣ ያስቸገረው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ቢያመለክት ስሙ ከአራቱም የግብዣ ዝርዝር ይወጣል። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ያመለከተ ለ5 ዓመት ነው፤ ለዘለቄታው የፈለገ ግን ቅጹን ፈርሞ በፖስታ መላክ አለበት።