ለአሮጌ መኪኖች የሚሠሩ ምትክ ዕቃዎች፦ በሕግ የሚፈቀደውና የሚያስጠይቀው

በሐረር ጀጎል ከፈረስ መጋላ ተነስቶ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ «መኪና ግርግር» በመባል ይታወቃል። ስያሜውን ያገኘው በመንገዱ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። በእግር የሚረገጡት እነዚህ መኪኖች፣ አንዳንዶቹ ከሚሠሩባቸው ሰፊዎች ዕድሜ የሚበልጡ ቢሆኑም፣ ዛሬም የዕለት እንጀራ ማግኛ ናቸው። ከተማዋ በፔጆ 404 ታክሲዎቿም ስሟ ይነሳል። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ በፈረንሳይ የቤት መኪናው ምርት የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የባጃጅ መበራከት ቁጥሩን ቢቀንሰውም ፔጆ 404 የሐረር መለያ ሆኖ ቆይቷል።

ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ ዘመናት ያለፉት መኪና በሥራ ላይ የሚቆየው መለዋወጫ ሲገኝለት ብቻ ነው። መለዋወጫው የሚገኘው ከሦስት ምንጮች በአንዱ ነው። የመጀመሪያው አገልግሎት ከሰጠ ሌላ መኪና የተፈታ ዕቃ ነው። ሁለተኛው በውጭ አገር ተመርቶ የሚገባ ምትክ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በአገር ውስጥ በቶርኖና በብረት ማቅለጫ ቤት ናሙናው ታይቶ የሚቀዳ ነው። በአዲስ አበባ አሮጌ ቮልስዋገኖችን ለትርፍ ጊዜ ደስታ ጠብቀው የሚነዱ ባለቤቶችም ሆኑ የጥንት የስፌት መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች የሚጠቀሙት በእነዚሁ ምንጮች ነው። የአገልግሎቱ ጠቃሚነት አያጠያይቅም። ሆኖም በዚህ ንግድ የተሰማሩ ወገኖች ሕጉ የትኛውን ድርጊት እንደሚፈቅድና የትኛውን እንደሚቀጣ ለይተው ሳያውቁ ለከባድ ተጠያቂነት ሊጋለጡ ይችላሉ።

በነጋዴዎች ዘንድ የሚታዩት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ዕቃው አሮጌ ስለሆነ ማንም ባለቤት የለውም» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ «የሌላ ፋብሪካን ዕቃ አስመስሎ መሥራት በማንኛውም ሁኔታ ወንጀል ነው» የሚለው ነው። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ለስህተቱ ምክንያት የሚሆነው በአንድ ዕቃ ላይ የተለያዩ መብቶች ሊኖሩ መቻላቸው ነው። የዕቃው አሠራር፣ ቅርጹ እና በላዩ የተጻፈው ስም በየራሳቸው ሕግና በየራሳቸው የጊዜ ገደብ ይተዳደራሉ።

አሠራርንና ቅርጽን የሚመለከተው በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። በአዋጁ መሠረት የፈጠራ ፓተንት ለ15 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ በመጀመሪያ ለ5 ዓመት ተሰጥቶ ሁለት ጊዜ በየ5 ዓመቱ ሊራዘም ይችላል። ከዚህም በላይ አንድ ቅርጽ የተሰጠው ለቴክኒካዊ ውጤት ሲባል ብቻ ከሆነ በንድፍነት ጥበቃ አያገኝም። የመርፌ ማሠሪያ፣ የቦቢን ቤት ወይም የፍሬን ጎሚኒ ቅርጹን የያዘው ከሌላው አካል ጋር እንዲገጥም ስለተፈለገ እንጂ ለዓይን እንዲያምር አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ለፈረስ መጋላ ነጋዴም ሆነ ለቶርኖ ባለሙያው መልካም ዜና ነው። ከ50 ዓመት በፊት የተነደፈን መኪና ዕቃ ለክቶ፣ ናሙናውን አይቶ፣ ተመሳሳዩን መሥራትና መሸጥ በራሱ የፓተንትም ሆነ የንድፍ መብትን አይጥስም፤ የጥበቃው ዘመን አልፏልና። በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ አቋም ተይዟል። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 ብሪቲሽ ሌይላንድ የተባለው የመኪና አምራች አርምስትሮንግ በተባለው የመለዋወጫ አምራች ላይ ያቀረበውን ክስ በመጨረሻ ደረጃ ወስኖ ነበር። ክርክሩ የሞሪስ ማሪና መኪናን የጭስ ማውጫ ቱቦ የሚመለከት ሲሆን፣ መኪና የገዛ ሰው መኪናውን የማስጠገን መብት ስላለው አምራቹ በስዕሎቹ ላይ ባለው መብት ተጠቅሞ መለዋወጫ እንዳይሠራ ሊከለክል አይችልም ተብሏል። ውሳኔው የኢትዮጵያን ፍርድ ቤቶች አያስገድድም። ነገር ግን ጉዳዩ በሌላው ዓለምም በዚህ አቅጣጫ መታየቱን ያሳያል።

ችግሩ የሚጀምረው ስሙ ላይ ነው።

ፓተንትና ንድፍ ጊዜያቸው ሲያልቅ ያበቃሉ። የንግድ ምልክት ግን እንዲህ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የምዝገባን ዘመን 7 ዓመት አድርጎ የደነገገ ሲሆን፣ ባለቤቱ እስካሳደሰው ድረስ ምዝገባው በየ7 ዓመቱ ያለ ገደብ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ የስፌት መኪናው ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ቢሆን እንኳ በላዩ ያለው ስም ዛሬም ሕያው ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ጥበቃው በቃላት ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ አርማ፣ ቁጥርና የእነዚህ ቅንጅትም ምልክት ሊሆን ይችላል። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ያሳየውን «901» የተባለ መኪና በቀጣዩ ዓመት «911» ብሎ ለመሰየም የተገደደው፣ በመካከሉ ዜሮ ያለበትን የሦስት አሃዝ አሰያየም ፔጆ የእኔ ነው ብሎ በመቃወሙ ነበር። አንዲት ቁጥር ይህን ያህል ካከራከረች፣ በራስ ቶርኖ በተሠራ ዕቃ ላይ የአንበሳ አርማ ማተም ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ስለ ስፌት መኪና ሲነሳ ሊዘለል የማይገባው የሲንገር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 በአሜሪካ የተመሠረተው ይህ ድርጅት ፓተንቶቹ ካበቁ በኋላ ጁን የተባለ አምራች ተመሳሳይ መኪና ሠርቶ በዚያው ስም በመሸጡ ከሶት ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1896 በሰጠው ውሳኔ ነገሩን ለሁለት ከፈለው። የፓተንቱ ዘመን ስላለቀ መኪናውን በዚያው ቅርጽ መሥራት ለማንም ክፍት መሆኑን፣ «ሲንገር» የሚለው ቃልም በጊዜው የመኪናው ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ስለነበር በቃሉ መጠቀም እንደሚቻል ገለጸ። ነገር ግን ሠሪው ማን እንደሆነ ገዢው በማያሻማ ሁኔታ እንዲያውቅ መደረግ አለበት አለ። ጁን የሲንገርን መለያ የሚመስል ጠፍጣፋ ምልክት በመኪናው ላይ መለጠፉም ሕገ ወጥ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ስሙን በሥራው መልሶ የራሱ ያደረገ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ሌላ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ይህንኑ አረጋግጦለታል። በመሆኑም የ1896ቱን ውሳኔ ሰምቶ «ስሙ የሁሉም ነው» ብሎ የሚያስብ ነጋዴ የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይዟል።

የኢትዮጵያም ሕግ የሚከተለው መስመር ተመሳሳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበ ምልክት ባለቤት ሌሎች ምልክቱን ወይም አሳሳች ተመሳሳዩን እንዳይጠቀሙ የመከልከል መብት ይሰጠዋል። በሌላ በኩል ሦስተኛ ወገኖች ስለ ዕቃቸው ዓይነት፣ ጥራት፣ መድረሻና የመሳሰሉት በቅን ልቦና ትክክለኛ መግለጫ ቢሰጡ፣ አነጋገሩ ለማሳወቅ ብቻ የዋለና ሕዝብን የማያሳስት እስከሆነ ድረስ፣ ባለቤቱ ሊከለክላቸው አይችልም። የሁለቱ ልዩነት በአንዲት ፊደል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። «ለሲንገር 15 የሚሆን የቦቢን ቤት» የሚል መግለጫ ዕቃው ለምን እንደሚያገለግል ይናገራል። «የሲንገር የቦቢን ቤት» የሚለው ግን ዕቃውን ማን እንደሠራው ይናገራል፤ ሠሪው ሌላ ከሆነም መግለጫው ሐሰት ነው። «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል በገበያው ውስጥ «ጥሩ» ለማለት ያህል በልማድ ቢነገርም፣ በደረሰኝ ላይ ሲሰፍር የሚይዘው ትርጉም ከዚህ የተለየ ነው።

የ15 ቁጥር ሞዴልን በምሳሌነት ማንሳት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ሞዴል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን፣ ቆይቶም በቻይና በበርካታ ፋብሪካዎች ተቀድቷል። አብዛኞቹ ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚገጥሙ በመሆናቸው የአንዱ ፋብሪካ ቦቢን በሌላው መኪና ላይ ይሠራል። ለሰፊው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለማታለል ለሚፈልግ ግን በር ይከፍታል፤ የቻይና ሥሪት የሆነን መኪና ቀለም ቀብቶ፣ የታዋቂ ፋብሪካ ስም ያለበት ተለጣፊ ለጥፎ፣ ለጎብኚ ወይም ለሰብሳቢ በጥንታዊነት ዋጋ መሸጥ ይቻላልና። እንዲህ ያለው ድርጊት የንግድ ምልክት ጥሰትና ማታለል በአንድነት ነው። ተለጣፊውን አሳትሞ የሚያቀርበውም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ቅጣቱ ቀላል አይደለም። በአዋጁ የተጠበቀን መብት ሆን ብሎ የጣሰ ማንኛውም ሰው፣ በወንጀል ሕጉ የበለጠ የሚያስቀጣ ካልሆነ በስተቀር፣ ከ5 ዓመት በማያንስና ከ10 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ድርጊቱ የተፈጸመው በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ቅጣቱ ከ1 ዓመት በማያንስና ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ነው። ዕቃዎቹና ድርጊቱ የተፈጸመባቸው መሣሪያዎችም ሊያዙ፣ ሊወረሱና ሊወገዱ ይችላሉ። ለትንንሽ ሱቆች ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው የቸልተኝነቱ ድንጋጌ ነው። «ከጅምላ ሻጭ የገዛሁት እንዲሁ ተጽፎበት ነው» የሚለው መልስ፣ ዋጋው፣ ማሸጊያውና የስሙ አጻጻፍ በግልጽ የሚያጠራጥሩ ሆነው ሳለ ብቻውን መከላከያ አይሆንም። ዕቃውን ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ደግሞ የመብቱ ባለቤት ሲያመለክት ጭነቱ በጉምሩክ ሊያዝ እንደሚችል ማወቅ ይኖርበታል።

ምልክቱ በኢትዮጵያ ያልተመዘገበ መሆኑም ነጋዴውን ሙሉ በሙሉ ነጻ አያደርገውም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከሌላ ነጋዴ ድርጅት ወይም ዕቃ ጋር መደናገር የሚፈጥር ተግባርን ተገቢ ካልሆነ የንግድ ውድድር ይቆጥረዋል። ስለ ዕቃው ምንጭም ለሸማቹ አሳሳች መግለጫ መስጠትን ይከለክላል።

ከመኪናው ጋር አብረው የሚሸጡ የጥገና መጻሕፍትም አሉ። አሮጌ የጥገና መመሪያን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማባዛትና መሸጥ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚታይ ሲሆን፣ በዚህ አዋጅ መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ስለዚህ የዕቃው ቅርጽ ነጻ መሆኑ የመጽሐፉን ገጾች ነጻ አያደርጋቸውም።

እስካሁን የተነሳው የስምና የመብት ጉዳይ ነው። የስፌት መኪና ቦቢን ቢሰበር ክር ይበጠሳል፤ የታክሲ ፍሬን ቢከዳ ግን ሰው ይሞታል። በዚህ ረገድ አግባብነት ያለው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሕጉ ቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ወትሮው በአግባቡ ሥራ ላይ ሲውል ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ከዚህ ነጻ የሚሆነው ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ እንደሆነ ነው። «ሠሪ» የሚለው ትልቅ ፋብሪካን ብቻ የሚመለከት አለመሆኑ ሊጤን ይገባል፤ የፍሬን ሲሊንደር ፒስቶን በቶርኖ ቀርጾ የሚሸጥ ባለሙያም በዚሁ ውስጥ ይካተታል። ሻጩም በሽያጭ ውል ድንጋጌዎች መሠረት ዕቃው ከጉድለት ነጻ ስለመሆኑ ለገዢው ዋስ ነው። «አሮጌ መኪና ስለሆነ በራስህ ኃላፊነት ውሰድ» የሚል የቃል ንግግር በጉዳቱ ሰለባ በሆነ መንገደኛ ላይ ምንም ውጤት የለውም፤ መንገደኛው የውሉ ተካፋይ አልነበረምና።

ስለዚህ የፍሬን፣ የመሪና የጎማ ማሠሪያ ክፍሎች ከጌጥና ከመቀመጫ ዕቃዎች ተለይተው ሊታዩ ይገባል። የብረቱ ዓይነት ሳይታወቅ፣ ጎሚኒው የፍሬን ዘይት መቋቋሙ ሳይረጋገጥ፣ ልኩ ስለገጠመ ብቻ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብ ከሁሉም የከፋው አደጋ ነው።

ከሌላ መኪና የተፈታ እውነተኛ የፋብሪካ ዕቃ በስሙ ሊሸጥ ይችላል። ሆኖም ያገለገለ መሆኑ ሊገለጽ ይገባል። ተበይዶ፣ ተሞልቶ ወይም ልኩ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ይኸው በደረሰኙ ላይ ሊሰፍር ያስፈልጋል። በአገር ውስጥ የተሠራ ምትክ ከሆነ ደረሰኙ «ለፔጆ 404 የሚሆን፣ በአገር ውስጥ የተሠራ፣ የፋብሪካው ምርት ያልሆነ» የሚል መግለጫና የሠሪውን ስም ቢይዝ ሻጩን ከአብዛኛው ክርክር ያድነዋል። ሠሪው የራሱን መለያ በዕቃው ላይ ቢያትም፣ መለያውንም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ቢያስመዘግብ፣ ጥሩ ሥራው በሌላ ሰው ስም ሳይሆን በራሱ ስም ይታወቃል። የአንድ ስም ወይም አርማ ምዝገባ መኖር አለመኖሩንም በአዲስ አበባ ከሚገኘው ከዚሁ ባለስልጣን መዝገብ ጠይቆ ማረጋገጥ ይቻላል።

በእጃቸው የሌላ ፋብሪካ ስም የታተመበት አጠራጣሪ ዕቃ ያለ ነጋዴዎች ሽያጩን አቁመው የገዙበትን ደረሰኝ ሊያፈላልጉና አቅራቢውን በጽሑፍ ሊጠይቁ ይገባል። ስሙ የተጻፈው በማሸጊያው ላይ ብቻ ከሆነ ዕቃው ከማሸጊያው ወጥቶ በትክክለኛ መግለጫ ሊሸጥ ይችል እንደሆነ የሕግ ባለሙያ ማማከር ይጠቅማል። በብረቱ ላይ ተቀርጾ ከሆነ ግን ዕቃውን ለአቅራቢው መልሶ ገንዘብን መጠየቅ የተሻለው መንገድ ነው።