የካፒታሊዝምን ዓለም አቀፍ ታሪክ ስለ ማጥናት፤ የጥጥ ምሳሌ

ካፒታሊዝም ማለት በመሠረቱ ሀብት ለፍጆታ ብቻ ሳይሆን ሌላ ሀብት እንዲያፈራ የሚውልበት፥ መሬትም ጉልበትም ዕቃም በገበያ ዋጋ የሚለካበት የኑሮ ሥርዓት ነው። የዚህ ሥርዓት ታሪክ በዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው እንደ አንድ አህጉር ታሪክ ሆኖ ነው። ተማሪው ከኢጣልያ የንግድ ከተሞች ተነሥቶ በሆላንድ በኩል ወደ እንግሊዝ ፋብሪካዎች ይደርሳል፤ የቀረው ዓለም ግን በመጨረሻው ምዕራፍ፥ ያውም ዘግይቶ እንደ ደረሰ ሰው ሆኖ ይገባል። በዚህ አጠናን የሚነሣው ጥያቄ «ሌሎች ስለ ምን ወደ ኋላ ቀሩ?» የሚል ብቻ ነው።

ይህን አመለካከት ሊቃውንት በየጊዜው መርምረውታል። ካርል ማርክስ በ1867 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው «ካፒታል» በተባለው መጽሐፉ የሥርዓቱን መነሻ በእንግሊዝ ገበሬዎች ከመሬታቸው መነቀል ላይ ቢያሳይም፥ የቅኝ ግዛትንና የባሪያ ንግድን ድርሻ አልዘነጋም። ማክስ ቬበር በ1904 እና በ1905 ባወጣው ጥናት የፕሮቴስታንትን ሃይማኖታዊ ሥነ ምግባር አጐላ። የትሪኒዳድ ተወላጅ የሆነው ኤሪክ ዊልያምስ በ1944 የባሮች ጉልበት ለእንግሊዝ ኢንዱስትሪ እድገት ያበረከተውን ገለጠ። ኢማኑኤል ዋለርስታይን በ1974 መሐልና ዳርቻ ያለው አንድ የዓለም ሥርዓት መኖሩን አስተማረ። ኬኔት ፖመራንዝም በ2000 የቻይናን የያንግትዜ ደልታ ከእንግሊዝ ጋር አነጻጽሮ፥ ልዩነቱ የሰፋው ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ነው ሲል ተከራከረ። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ሆኖም ክርክሩ ራሱ አንድ ነገር አስረድቷል፤ ይኸውም አንድን አገር ለብቻው በመመልከት ሥርዓቱን ለመረዳት የማይቻል መሆኑን ነው።

ስለዚህ አንድን ዕቃ ከአምራቹ እጅ እስከ ተጠቃሚው ቤት ድረስ መከተል የታወቀ የአጠናን ዘዴ ሆኗል። የሰው ልጅን ባህል ያጠና የነበረው ሲድኒ ሚንትዝ በ1985 በስኳር፥ ስቬን ቤከርትም በ2014 በጥጥ ይህንኑ አድርገዋል።

ጥጥን እንደ ምሳሌ ቢወስዱት ነገሩ ይብራራል። በ1860 በአሜሪካ አራት ሚሊዮን ያህል ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር፤ ከነዚህም እጅግ ብዙዎቹ የደቡቡን የጥጥ እርሻ ይሠሩ ነበር። በእንግሊዝ አገር የላንካሻየር ፋብሪካዎች ከሚፈትሉት ጥጥ አብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ተነሥቶ የሰሜኑ መርከቦች የደቡቡን ወደቦች በዘጉ ጊዜ፥ የላንካሻየር ሠራተኞች ሥራ ፈትተው ተራቡ፤ የጥጥም ዋጋ ናረ። ነጋዴዎች ፊታቸውን ወደ ሕንድና ወደ ግብፅ አዞሩ፤ በዓባይ ደልታ የጥጥ እርሻ ተስፋፋ። በ1863 ሥልጣን የያዘው እስማኤል ፓሻ ይህን ገቢ ተማምኖ ቦይና የባቡር ሐዲድ፥ ቤተ መንግሥትም ለማሠራት፥ ግዛቱንም ለማስፋት ከአውሮፓ ባንኮች ብዙ ገንዘብ ተበደረ። ጦርነቱ በ1865 አልቆ የአሜሪካ ጥጥ ወደ ገበያ ሲመለስ ዋጋው ወደቀ፤ ዕዳው ግን እየከበደ ሄደ።

የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በዚህ ላይ ነው። በ1865 ምፅዋ ከቱርክ ሱልጣን ወደ እስማኤል አስተዳደር ተላለፈች፤ በ1872 በእስማኤል አገልግሎት የነበረው የስዊስ ተወላጅ ሙንዚንገር ከረንን ያዘ። በኖቬምበር 1875 የግብፅ ጦር በጉንደት ተደመሰሰ፤ በዚያው ወር እስማኤል የሱዌዝን ቦይ አክሲዮኖች አራት ሚሊዮን በሚያህል ፓውንድ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። በማርች 1876 ሁለተኛው ጦር በጉራዕ ድል ሆነ፤ በሚቀጥለው ወር ግብፅ ዕዳዋን መክፈል አቆመች። በጉራዕ ከግብፅ ጦር አለቆች አንዱ የነበረው ሎሪንግ፥ በአሜሪካው ጦርነት ለደቡቡ ወገን የተዋጋ ጄኔራል ነበረ። ባለዕዳይቱን ግብፅ እንግሊዝ በ1882 በጦር ያዘቻት።

ይሁን እንጂ ተማሪው ግንኙነትን ከምክንያት መለየት አለበት። የጉንደትን ጦርነት የጥጥ ዋጋ አመጣው ቢባል ስሕተት ነው፤ የእስማኤል የግዛት ምኞት ራሱን የቻለ ነገር ነበረና። የግብፅም ዕዳ ከኢትዮጵያ ጦርነት በፊት የተከመረ ነው። ድሉንም ያስገኘው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የክተት ጥሪና የመኳንንቱና የሠራዊቱ ተጋድሎ እንጂ የገበያ መውጣትና መውረድ አይደለም። የጥጡ ታሪክ የሚያስረዳው ወራሪው ጦር በምን ገንዘብና በእነማን አለቆች እንደ ተሰናዳ ነው። ጦርነቱን በአንድ ክፍል፥ የዓለምን ንግድ በሌላ ክፍል የተማረ ሰው ይህን ሊያይ አይችልም።

ከዚህም ሌላ የባንክና የጉምሩክ መዝገብ የማይናገረው ነገር አለ። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የውጭ አቡጀዲ በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት ተሸጧል፤ የፋብሪካ ክርም ወደ ሸማኔው ቤት ገብቷል። ሆኖም የእጅ ሸማ አልጠፋም። ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር፥ ማጉን ሴቶች በእንዝርት ከፈተሉት ጥጥ አድርጎ ይሠራል። ርካሽ ክር እያለ እንዝርቱ ስለ ምን እንደ ቆየ ለማወቅ ፈታይዋን፥ ሸማኔውንና ለባሹን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህም የባህል ጥናት ሥራ ነው።

የካፒታሊዝምን ዓለም አቀፍ ታሪክ በዚህ መንገድ የሚያጠና ሰው «ስለ ምን ወደ ኋላ ቀረን?» በሚለው ጥያቄ ብቻ አይወሰንም። ማን ከማን ጋር፥ በምን ውል፥ በማን ኪሳራ እንደ ተገናኘ ይጠይቃል፤ መልሱንም በለንደንና በካይሮ መዝገብ ቤቶችና በሸማኔው ጕድጓድ አጠገብ ይፈልጋል።