ዝምታና የባንክ ዕዳ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። በባንክ ዕዳ ነገር ግን ዝምታም ይነቅዛል። ከመርሐ ቤቴ፣ ከመንዝና ከግሼ የመጣን ተማሪዎች እንደምናውቀው፣ በዓለም ከተማም ሆነ በሌላው አገር ቤቱን ለባንክ አስይዞ የሚነግድ ወላጅ አለ። ንግዱ ሲደክምና ክፍያው ሲቋረጥ፣ የባንኩን ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ዝም የሚል ብዙ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዝምታ ስለ ምን ቤት እንደሚያሳጣ ማስረዳት ነው።

አባቶቻችን በደንብ የሚያውቁት መያዣ ወለድ አገድ ነው። አበዳሪው በወለዱ ፈንታ መሬቱን እያረሰ ይጠቀማል፤ ዋናው ገንዘብ በተከፈለ ጊዜ መሬቱ ለባለቤቱ ይመለሳል። ባለዕዳው ቢዘገይ ሽማግሌ ይልካል፤ መሬቱም እስከዚያው ይጠብቀዋል።

የባንክ መያዣ ግን እንዲህ አይጠብቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አበዳሪ ከሕጉ ሥርዓት ውጭ መያዣውን በራሱ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 97 ደግሞ ለባንኮች ልዩ ሥልጣን ሰጠ። በዚህ ዐዋጅ መሠረት፣ ዕዳው በጊዜው ያልተከፈለው ባንክ በውሉ ላይ ስምምነት ካለ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በጨረታ ሊሸጥ ይችላል። በሁለተኛው ጨረታም ገዢ ካልቀረበ ራሱ ሊወስደው ይችላል። ሥርዓቱን ሳይጠብቅ ቢሸጥ ለጉዳቱ ኀላፊ ነው፤ ዳሩ ግን ካሳ ቤት አይሆንም።

እንግዲህ መነጋገር የሚገባው ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ ነው። ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር የተበላሸ ተብሎ ስለሚመደብ፣ ከዚያ አስቀድሞ መቅረብ ይሻላል። ወደ ባንክ የሚላከው ሽማግሌ ማመልከቻ ነው። በማመልከቻውም አራት ነገር ይጻፍ፤ አንደኛ የብድሩ ቁጥር፤ ሁለተኛ ክፍያው የተቋረጠበት ምክንያት ከነማስረጃው፤ ሦስተኛ ዛሬ መክፈል የሚቻለው ገንዘብ፣ በብር ተቈጥሮ፤ አራተኛ የሚለመነው ነገር። ይኸውም የክፍያው ዘመን እንዲራዘም፣ የየወሩ ክፍያ እንዲቀነስ፣ አለዚያም ባለቤቱ ራሱ ደኅና ገዢ ፈልጎ ቤቱን እንዲሸጥና ዕዳውን እንዲከፍል ጊዜ እንዲሰጠው ነው። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገብቶ፣ ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ይመታበት። በቃል የተነገረ ነገር የባንኩ ሹም ሲለወጥ አብሮ ይሄዳል።

ባንኩ እሺ የማለት ግዴታ እንዳለበት አድርገን ማንንም አናታልል። ሆኖም ያልተለመነ ባንክ የሚያውቀው ውሉን ብቻ ነው።

የጨረታ ማስታወቂያ በጋዜጣ ይወጣል፤ ጋዜጣው የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ዓለም ከተማ ሳይደርስ አዲስ አበባ ያለነው እናነበዋለን። ያን ጊዜ ግን የሚበዛው ጊዜ አልፏል። ስለዚህ በዚህ ዓመት ለዕረፍት አገራችን ስንገባ፣ ወላጅ ባይጠይቀንም እኛ እንጠይቅ፤ ደብዳቤ ካለ እናንብብ፤ መልሱንም እንጻፍ። የተማርነው ፊደል ለፈተና ብቻ አይደለም።