ስትሪመር ከመግዛታችሁ በፊት የአምፕሊፋየራችሁን ጀርባ እዩ

በምኖርበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቴ ከነቤተሰባቸው ከጎንደር ከመጡ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ከ«መርካዝ ክሊታ» ወጥተው የራሳቸው ቤት ሲገቡ ካሰባሰቡት ዕቃ አንዱ፣ ከ«ያድ ሽኒያ» ማለትም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በርካሽ የተገዛ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከር ነበር። ዕቃው ያረጀ ቢሆንም ድምፁ ልብ ያረካል። የጎደለው ዘፈኑን የሚያመጣ ነገር ነው፤ ካሴቶቹ ጎንደር ቀርተዋል። አንድ ሻጭ ስልክ ደውሎ፣ የዓለምን ዘፈን ሁሉ ከኢንተርኔት የሚያመጣ «ስትሪመር» የሚባል ሳጥን እንዳለ፣ ዋጋውንም በአሥራ ሁለት «ታሽሉሚም»፣ ማለትም በየወሩ ከፋፍለው ሊከፍሉ እንደሚችሉ ሲነግራቸው፣ ዕብራይስጡ በደንብ ሳይገባቸው «ቤሴዴር» አሉ።

ዕቃው ሲመጣ ጠርተውኝ ወጣሁ። ሳጥኑ ያማረ ነው። ከጀርባው ያለው የድምፅ መውጫ ግን ኦፕቲካል የሚባለው፣ ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ብቻ ነበር። የእርሳቸው አምፕሊፋየር ደግሞ ቀይና ነጭ ክብ ሶኬት እንጂ ሌላ አያውቅም።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሁለቱ አይገናኙም» አልኳቸው።

«ታዲያ ልጄ፣ እኔ በየወሩ የምከፍለው ለምኑ ነው?»

እርግጥ ነው፣ በመሀል የሚገባ ትንሽ መለወጫ ገዝቶ ማገናኘት ይቻላል። ነገር ግን ያም ሌላ ወጪ ነው። ቆይቶም እንደታየው፣ እናታቸው ሊሰሙ የሚፈልጉት የማሲንቆ ዘፈን ሳጥኑ ከሚያውቃቸው አገልግሎቶች በአንዱም ውስጥ አልነበረም። በዚህ እትም ስለ ስትሪመር መጻፍ ያስፈለገውም ይህ በሌላ ቤት እንዳይደገም ነው።

ስትሪመር ማለት በቤታችሁ ካለው ራውተር ሙዚቃውን ተቀብሎ በገመድ ለአምፕሊፋየሩ የሚያቀብል መልእክተኛ ነው። የራሱ ስፒከር የለውም። ስልካችሁ እንደ ሪሞት ዘፈኑን ይመርጣል እንጂ ዘፈኑ በስልኩ ውስጥ አያልፍም፤ ስለዚህ ስልክ ቢደወልላችሁ ወይም ስልኩን ይዛችሁ ወደ ሱቅ ብትወጡ ሙዚቃው አይቋረጥም። በብሉቱዝ ሲሆን ግን ድምፁን የሚልከው ስልኩ ራሱ ነው። አሥር ሜትር ያህል ከራቃችሁ፣ ወይም በመካከል ወፍራም ግድግዳ ካለ፣ ይቆራረጣል።

ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አምፕሊፋየሩን ከግድግዳው ሳብ አድርጉና ጀርባውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በዕብራይስጥ አምፕሊፋየር «መግቤር»፣ ስፒከር «ራምቆል»፣ ማስገቢያው «ክኒሳ»፣ መውጫው «የጺአ» ይባላል። ፎቶውን ለሻጩ አሳይታችሁ «ከዚህ ጋር የሚገናኝ የትኛው ነው?» ማለት ብዙ ዕብራይስጥ አይፈልግም። በአሮጌ አምፕሊፋየር ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተደረደሩ ቀይና ነጭ ሶኬቶች ታገኛላችሁ፤ በላያቸውም በላቲን ፊደል ሲዲ፣ ቱነር፣ ኦክስ፣ ቴፕ ተብሎ ተጽፏል። ስትሪመሩ በእነዚህ በየትኛውም ይሠራል። በቴፕ በኩል ከሆነ ግን መግቢያውን እንጂ ወደ ቴፑ መቅጃ የሚወጣውን አትጠቀሙ። ፎኖ በሚለው ሶኬት ግን ፈጽሞ አትሰኩ። እርሱ ለሸክላ ማጫወቻ የተሠራ ስለሆነ ደካማውን ድምፅ እጅግ አጉልቶ፣ ወፍራሙንም ድምፅ ከፍ አድርጎ ያወጣል። ስትሪመር ቢሰካበት ጩኸቱ የተበላሸ ይሆናል፣ ስፒከሩንም ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል፦ የእናንተ ዘፈኖች የት ነው ያሉት? ሻጭ የሚነግራችሁ ሳጥኑ ስንት ሚሊዮን ዘፈን እንደሚያመጣ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ግን ምናልባት መቶውን ነው፤ ያ መቶውም ያለበት ቦታ የሚገዛውን ዕቃ ይወስናል።

ዘፈኖቹ አገር ቤት እያለን ከሙዚቃ ቤት ያስጫንነው ፍላሽ ላይ ከሆኑ፣ ፍላሽ የሚሰካበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለውና ከዚያ ላይ ማጫወት የሚችል ያስፈልጋል። ቀዳዳው ለመብራት ብቻ የሚያገለግልባቸው ሳጥኖች ስላሉ «ሙዚቃ ያነባል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የእነ ማሕሙድ አሕመድና የእነ ጥላሁን ገሠሠ የድሮ ሥራዎች ከሆኑ፣ ብዙዎቹ በፈረንሳይ አገር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ በሲዲ ስለታተሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 እስራኤል በገባው በስፖቲፋይና በመሰሎቹ ይገኛሉ። ፈልጋችሁ ብታጡ ግን የለም ብላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ የዘፋኞቻችን ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት ይጻፋልና፣ በተለይ የፈረንሳዮቹ አጻጻፍ ከለመድነው ይለያል። በአንድ ዘፈን ስም ብትፈልጉ አንዳንዴ በዘፋኙ ስም ከመፈለግ ይቀላል።

የገጠር ዘፈን፣ የሠርግ ቅጂ፣ የማሲንቆ ጨዋታ የሆነ እንደሆነ ግን አብዛኛው ያለው በዩትዩብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድምፅ ብቻ ወደሚያጫውት ሳጥን ተራው የዩትዩብ ቪዲዮ በቀጥታ አይላክም፤ የሚላከው ዩትዩብ ሚውዚክ የሚባለው ሌላው አፕሊኬሽን ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ከዋይፋዩ በተጨማሪ ብሉቱዝ ተቀባይ ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ ያን ጊዜ በስልካችሁ የሚሰማ ማንኛውም ነገር በስፒከሩ ይሰማል። በኢየሩሳሌም በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ክምችት ውስጥ ያሉትን የቤተ እስራኤል የጸሎት ዜማዎች፣ በድረ ገጹ ሊሰሙ የተፈቀዱትን ማለቴ ነው፣ ለሽማግሌዎቻችን በሳሎን ለማሰማት መንገዱ ይኸው ብሉቱዝ ነው። አባቶች ረቃ ሬዲዮን መስማት የሚወዱ ከሆነም የኢንተርኔት ሬዲዮ ያለው ሳጥን ይጠቅማል።

አንድ ነገር ደግሞ ሻጭ አይነግራችሁም፦ ሳሎን ውስጥ ኢንተርኔት ያለው ቴሌቪዥን ካለ፣ ምናልባት ስትሪመር ጭራሽ አያስፈልጋችሁ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ካለው፣ ከዚያ ወደ ቀይና ነጭ ሶኬት የሚሄድ ርካሽ ገመድ ይበቃል።

ስለ ድምፅ ጥራት ብዙ ይወራል። ሲዲ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ሲይዝ፣ የስፖቲፋይ የተጨመቀው ከፍተኛ ደረጃ 320 ነው። ልዩነቱን በጥሩ ስፒከርና በጸጥታ ክፍል የሚሰማ ሰው አለ። ከካሴት ተገልብጦ ዩትዩብ ላይ የወጣን ዘፈን ግን የትኛውም ውድ ሳጥን አያሳምረውም፤ ለዚህ ተብሎ ሦስት እጥፍ መክፈል በእኔ አስተያየት ከንቱ ነው። ባይሆን ኢንተርኔት የምትጠቀሙት ከስልክ እያካፈላችሁ ከሆነ፣ 320ው በሰዓት 144 ሜጋባይት ያህል እንደሚበላ አትርሱ።

ከዚያ ይልቅ ስለ ግድግዳው አስቡ። አዲሶቹ ቤቶች «ማማድ» የሚባል የመጠለያ ክፍል አላቸው፤ ግድግዳው ወፍራም የብረት ኮንክሪት ነው፣ በሩም ብረት። ዋይፋይ እዚያ ውስጥ ይዳከማል። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ማማዱን የልጆች መኝታ ወይም የዕቃ ክፍል አድርጎ ቴፑን እዚያ ያኖራል። እንዲህ ከሆነ ከራውተሩ በገመድ የሚገናኝበት ሶኬት ያለው ሳጥን ግዙ። ለምሳሌ ዊም በሚባለው ድርጅት ምርቶች ውስጥ ትንሹ ሚኒ ይህ ሶኬት የለውም፣ ፕሮ የሚባለው ግን አለው።

አሮጌ ስትሪመር ከያድ ሽኒያ መግዛትም እንደ አሮጌ አምፕሊፋየር አይደለም። አምፕሊፋየር ሠላሳ ዓመት ይሠራል። ስትሪመር ግን የሠራው ድርጅት ከኋላ ሆኖ ካልደገፈው ይሞታል። ጉግል በ2015 ያወጣውን ክሮምካስት ኦዲዮ የሚባል ትንሽ ክብ ዕቃ በ2019 መጀመሪያ መሥራት አቁሟል፤ በመጋቢት 2025ም የውስጥ ፈቃዱ ጊዜው በማለፉ በየቤቱ ያሉት ለቀናት ተዘግተው፣ ድርጅቱ ካስተካከለው በኋላ ነው እንደገና የሠሩት። ዛሬም በርካሽ ይሸጣል፤ ይህን አውቆ የሚገዛ ይግዛ።

ሰንበትን በሚመለከት፦ እነዚህ አፕሊኬሽኖች አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ሌላውን ራሳቸው ይቀጥላሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የከፈታችሁት ሻማ ከበራ በኋላም ሊዘፍን ይችላልና፣ አምፕሊፋየሩን «ሸዖን ሸባት» ላይ ሰኩት፤ ወይም ራሱ የሚቀጥልበትን ከአፕሊኬሽኑ ውስጥ አጥፉት።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ ማንም ሰው በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይችላል። ዖሌ ሐዳሽ ግን «ተዑዳት ዖሌ» ከተሰጠው አምስት ዓመት እስኪሞላው፣ እንዲሁም ዕድሜው 65 የሞላ ሰውና አካል ጉዳተኛ፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር ከሆነ፣ በጽሑፍ መልእክት የተደረገ ቢሆንም እንኳ፣ አራት ወር አለው። ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ወይም የግዢው ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ከደረሰበት፣ ከዘገየው ቀን ጀምሮ ነው። ዕቃው ጉድለት ሳይኖርበት ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ሻጩ ሊያስቀር የሚችለው የዋጋውን 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ሱቅ ሄዳችሁ ከገዛችሁ ግን ይህ አራት ወር የለም፤ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ያለው 14 ቀን ነው፣ እሱም መብራት ላይ ካልተሰካ። ስለዚህ የሱቁን ካርቶን ከመክፈታችሁ በፊት በላዩ የተሳለውን የጀርባውን ሥዕል ከፎቶአችሁ ጋር አስተያዩ።

ጎረቤቴ ከገዙ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር። ሻጩ በስልክ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ዘጋባቸው። እኛም «ቢጡል ዒስቃ» የሚል ርዕስ ሰጥተን አጭር ደብዳቤ ጻፍን፤ ስማቸውን፣ የመታወቂያ ቁጥራቸውን፣ የግዢውን ቀን አስገብተን፣ የተዑዳት ዖሌያቸውን ቅጂ አያይዘን በኢሜይል ላክነው፣ ግልባጩንም አስቀረን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዕቃውን ወሰዱ፣ ክፍያውም ቆመ፣ አንድ መቶ ሸቀል ብቻ ቀረባቸው። በኋላ ቀይና ነጭ ገመድ ያለው ትንሽ ብሉቱዝ ተቀባይ ገዝተን አምፕሊፋየሩ ላይ ኦክስ በሚለው ሰካነው። እናታቸው የመጀመሪያውን ማሲንቆ ሲሰሙ፣ «ድምፁን ቀንሱት፣ ጎረቤት ይሰማል» አሉ። ጎረቤቱ እኔ ነኝ፤ እንዳይቀንሱት ለመንኳቸው።