ሌክሰስ አይኤስ፦ ፉክክሩን ከላሜራው የጀመረች መኪና

እ.ኤ.አ. በ1989 ሌክሰስ ኤልኤስ 400ን ይዞ አሜሪካ ሲገባ መርሴዲስን ያሰጋው በጸጥታና በጥንካሬ ነበር። መሪ ራሱ ጨብጦ መንዳት የሚወድ ሰው ግን ዓይኑ ከቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ አልተነሣም። አይኤስ የተባለችው አነስተኛ ሰዳን የተሠራችው ለዚህ ሰው ነው። በ2005 የመጣችው ሁለተኛዋ አይኤስ በኋላ መቀመጫዋ ጥበት ትታማ ነበር።

ሦስተኛዋ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ዲትሮይት ላይ ቀረበች። የዋና መሐንዲሱ የጁኒቺ ፉሩያማ ቡድን በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት ከ2,730 ወደ 2,800 ሚሊሜትር አሳደገው። ከቢኤምደብሊው የቀረው 10 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የሾፌሩ መቀመጫም 20 ሚሊሜትር ዝቅ አለ።

ትልቁ ሥራ ግን ከቀለሙ ሥር ነው። መኪና ሲገጣጠም ሁለት ላሜራ ተደርቦ በኤሌክትሪክ ነጥብ በነጥብ ይበየዳል። ነጥቦቹ በጣም ከተቀራረቡ ኤሌክትሪኩ ቀድሞ በተበየደው ነጥብ በኩል ያልፍና አዲሱ ሳይይዝ ይቀራል። መሐንዲሶቹ በነጥቦቹ መሀል ያለውን ክፍተት በሌዘር ክብ ክብ እያደረጉ በየዱት፤ በበሮቹ ክፈፍ ዙሪያ ደግሞ ጠንካራ ማጣበቂያ ጨመሩበት። ቦዲው የሚላወስ ከሆነ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ አሞርዛተሩ የታሰረበት ቦታ ራሱ ስለሚንቀሳቀስ መኪናዋ መሪውን ዘግይታ ትሰማለች። ቦዲው ሲጠነክር ሞላውን ሳያከርሩ መሪውን ቶሎ እንድትሰማ ማድረግ ይቻላል።

በሞተር ግን ጀርመኖቹ ቀደሙ። አይኤስ 250 ከ6 ሲሊንደር 204 የፈረስ ጉልበት ስታወጣ፣ አሜሪካ የሚሸጠው ቢኤምደብሊው 328 በተርቦ ከ4 ሲሊንደር 240 ያወጣ ነበር። ሌክሰስ ባለ 2 ሊትሩን ተርቦ ለአይኤስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። እዚህ የሚገዛ አይኤስ ቢገኝ ቀድሞ የገባ፣ ምናልባትም ተጋጭቶ የተጠገነ ነው። ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው የአምቦ መንገድ ላይ፣ ሳንሱሲ ውስጥ መኪና የሚገዛም ሆነ የሚያስጠግን ሰው ይህን አሠራር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ማጣበቂያው እሳት አይችልም። ባትላሜራ ሠሪው በበሩ ክፈፍ ላይ በጋዝ ከበየደ የላሜራው መልክ ይመለሳል፣ ጥንካሬው ግን አይመለስም። ስለዚህ ሞተር ከማስነሣት በፊት የበሩን ጎማ ገለጥ አድርጎ ክፈፉን ማየት ነው፤ የፋብሪካው ነጥብ እኩል እኩል ተራርቆ የተደረደረ ነው። ወጣ ገባ ያለ የብየዳ ጠባሳ ከታየ፣ ጀርመኖቹን ለመፎካከር የተለፋበት ነገር እዚያ ቦታ ላይ የለም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ አለበት።