የዴንማርኩ ሥዕልና ሁለቱ ቁጣዎች

በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ የሚነሣ ማናቸውም ቅራኔ የውጭ ገጽታው ብቻ ታይቶ ፍርድ ሊሰጥበት እንደማይገባ በዚህ ዓምድ ደጋግመን ገልጸናል። ይህ አባባል በፋብሪካና በእርሻ ላይ ለሚታየው ቅራኔ ብቻ የተነገረ አይደለም። የሰው ልጅ እጅግ በሚያከብረው ነገር ላይ የተሰነዘረ ፌዝ የሚያስነሣውንም ቁጣ ይመለከታል። ለዚህም ከዴንማርክ ተነሥቶ እስከ ቤንጋዚ ሰው ያስገደለውን የሥዕሎች ጉዳይ ከሥሩ መመርመር ይጠቅማል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሴፕቴምበር 30 ቀን 2005 ዩላንስ ፖስተን የተባለው ቀኝ ዘመም የዴንማርክ ጋዜጣ ነቢዩ ሙሐመድን የሚመለከቱ 12 የካርቱን ሥዕሎች አተመ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በኩርት ቬስተርጎር የተሣለው፣ በጥምጥም ፈንታ ቦምብ የሚያሳየው ሥዕል ነው። የጋዜጣው የባህል ክፍል አዘጋጅ ፍሌሚንግ ሮዘ ሥዕሎቹን ያሠራበትን ምክንያት ሲገልጽ፣ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ከፍርሃት የተነሣ ራሳቸውን በራሳቸው ሳንሱር ማድረግ ጀምረዋል አለ። አንድ የሕፃናት መጻሕፍት ደራሲ ስለ ነቢዩ ሕይወት ለጻፈው መጽሐፍ ስሙን አኑሮ የሚሥልለት ሠዓሊ ማጣቱን ተናግሮ ነበር።

ይህን ወገን አስቀድመን እንስማው። ፍርሃቱ ፈጠራ አልነበረም። ኖቬምበር 2 ቀን 2004 ቴዎ ቫን ጎግ የተባለ የፊልም ሠሪ በአምስተርዳም ጎዳና ላይ በአንድ አክራሪ እጅ ተገድሏል። ከዚህም በላይ በአውሮፓ የነገሥታትንና የቤተ ክህነትን የማይነካ ሥልጣን ለመስበር ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ ፌዝ መሆኑን የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የዴንማርኩ ተራ አንባቢ፣ የብየዳ ሠራተኛውም ሆነ መምህሩ፣ «ይህ አይሣልም» የሚል ትእዛዝ ሲሰማ አባቶቹ ታግለው ያስወገዱት ሥልጣን ተመልሶ የመጣ መስሎ ቢታየው አያስደንቅም።

ነገር ግን የጋዜጣው ነጻነት የራሱ ገደብ ነበረው። ይኸው ጋዜጣ በ2003 አንድ ሠዓሊ ስለ ኢየሱስ ትንሣኤ የላከለትን የቀልድ ሥዕሎች አንባቢዎችን ያስቆጣሉ በሚል ሳይቀበል ቀርቷል። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጋዜጣው የትኛው አንባቢ የራሱ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ሊፌዝበት የሚችል ባዕድ እንደሆነ ለይቶ ያውቅ ነበር።

ያ «ባዕድ» የተባለው ማን ነው? ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከቱርክ፣ ከፓኪስታንና ከዩጎዝላቪያ ወደ ዴንማርክ የገባው ወዝ አደርና ልጆቹ ናቸው። ጉልበቱ ሲፈለግ በሩ ተከፈተለት። በ1973 የሠራተኛ ፍልሰቱ ታገደ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ በሥልጣን ላይ የነበረው የአናስ ፎ ራስሙሰን መንግሥት በፓርላማ የቆመው ስደተኞችን መቃወም ዋነኛ ዓላማው ባደረገው በዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ ድጋፍ ነበር። እንግዲህ በዚህ ተጨባጭ ሁኔታ ውስጥ የሚኖር ሙስሊም ሠራተኛ ያንን ሥዕል ሲያይ የሚያየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከእናት ከአባቱ አብልጦ የሚወድደው ነቢይ መዋረዱን ነው። በአብዛኛው ሙስሊም ዘንድ ነቢዩን መሣል ራሱ የተከለከለ ነው። ሁለተኛው ግን በሥዕል መከልከል አይወሰንም፤ ቦምቡ የተቀመጠው በእያንዳንዱ ምእመን ራስ ላይ ነው። የጎረቤቱ ልጅ በትምህርት ቤት ቦምብ ጣይ እየተባለ ይጠራል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ከ12ቱ ሥዕሎች መካከል አንባቢው ብዙም ያልሰማለት አንድ አለ። ሙሐመድ የተባለ አንድ የስደተኛ ልጅ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ በፋርስኛ የጻፈውን በእንጨት ያመለክታል። የጻፈውም የጋዜጣው አዘጋጆች አድኃሪ ጸብ ጫሪዎች መሆናቸውን ነው። ጋዜጣው ይህንንም አትሞታል። ሠዓሊውን ሳናደንቅ ማለፍ አንችልም፤ ቁጣው በየአገሩ ሲነድ ግን እርሱም ከሌሎቹ ተለይቶ አልታየም።

በኦክቶበር 2005 የ11 ሙስሊም አገሮች አምባሳደሮች ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለማነጋገር በደብዳቤ ጠየቁ። እርሱም መንግሥት በፕሬስ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ሳይቀበላቸው ቀረ። ስለ ፕሬሱ የተናገረው እውነት ነው፤ መነጋገርን እምቢ ማለቱ ግን ስሕተት ነበር፤ ይህንንም 22 የቀድሞ የዴንማርክ አምባሳደሮች በይፋ ነቅፈውታል። በር የተዘጋባቸው ኢማሞች ሰነድ አሰናድተው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ዞሩ። በሰነዱ ውስጥ ግን ጋዜጣው ጨርሶ ያላተማቸው ሦስት ምስሎች ነበሩ። አንደኛው በፈረንሳይ የአሳማ ድምፅ በማስመሰል ውድድር ላይ የተነሣ ሰው ፎቶግራፍ ነበር። የተበደለ ወገን በደሉን ለማጉላት ውሸት ሲጨምርበት እውነተኛው በደል ራሱ ተአማኒነቱን ያጣል።

አሁን አንድ ነገር ልብ ይሏል። አል ፈጅር የተባለ የግብፅ ጋዜጣ በዚያው በኦክቶበር 2005፣ በረመዳን ወር፣ ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹን ካይሮ ላይ አሳትሞ ነበር። አንድም ኤምባሲ አልተቃጠለም። በፌብሩዋሪ 2006 ግን ያለ መንግሥት ፈቃድ ሰልፍ በማይታሰብባት በደማስቆ የዴንማርክና የኖርዌይ ኤምባሲዎች ነደዱ። ሥዕሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ቁጣውን ለራሱ ጥቅም ያዋለው ኃይል ነው። በቤንጋዚ ደግሞ አንድ የኢጣሊያ ሚኒስትር ሥዕሉ የታተመበትን ካናቴራ ለብሶ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2006 ሰልፈኞች ወደ ኢጣሊያ ቆንስላ ሲተሙ የሊቢያ ፖሊስ ተኩሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ገደለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጋዳፊን የጣለው ሕዝባዊ ዐመፅ ቀጠሮ የያዘው በዚያው በፌብሩዋሪ 17 ነው። ያ ሰልፈኛ በልቡ የተሸከመው የሥዕሉን ነገር ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። በናይጄሪያ ግን ዋጋውን የከፈለው ጎረቤት ነው። በማይዱጉሪ ክርስቲያኖች ተገደሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በኦኒቻ ሙስሊሞች በበቀል ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ዴንማርክን በካርታ ላይ እንኳ ያየ ስንቱ ነበር?

በሳዑዲ ዐረቢያ ሱቆች የዴንማርክ ቅቤና አይብ ከመደርደሪያ ወረደ። ጉዳቱ የደረሰው ሥዕሉን ባሠራው አዘጋጅ ላይ ሳይሆን የወተት ገበሬዎች የጋራ ንብረት በሆነው በአርላ ላይና ሥራቸውን ባጡት ሠራተኞቹ ላይ ነው።

እዚህ ላይ እኛም ራሳችንን ሳንተች ማለፍ አይገባንም። በውጭ ሀገር በትምህርት ላይ ሳለን የምእመናን ቁጣ ትምህርት ሲስፋፋ በራሱ ጊዜ የሚከስም የአሮጌው ሥርዐት ቅሪት ነው ሲባል በማስታወሻችን ላይ ጽፈን ወጥተናል። ማርክስ ስለ ሃይማኖት ከጻፈው አንዱን ቃል ነጥለን ይዘን፣ እዚያው ላይ ስለ ተጨቆነው ሰው ሥቃይ ያለውን ዘለልነው። የገዛ አገራችን ታሪክ ግን ሌላ ያስተምር ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ የአዲስ አበባ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ይከበር ብለው በወጡበት ታላቅ ሰልፍ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። እነዚያ ክርስቲያኖች የጎረቤታቸውን እምነት አልተቀበሉም። የጎረቤታቸው በዓል በአዋጅ ያልታወቀ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ግን በእርሱ ቦታ ሆነው አስበውታል። ከዚያ በኋላ ሦስት የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓላት ሆነዋል። በየቀበሌው በአንድ ዕድር የሚቀባበሩ የሁለቱም እምነት ተከታዮች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ዩላንስ ፖስተን በጃኑዋሪ 30 ቀን 2006 ሙስሊሞችን በማስቀየሙ ይቅርታ ጠየቀ፤ የማተም መብቱን ግን አልካደም። በ2010 መግቢያ ላይ አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ ቬስተርጎር ቤት ገባ፤ ሠዓሊው ከልጅ ልጁ ጋር ነበር፤ ሁለቱም ተርፈዋል። ዴንማርክ አምላክን መሳደብን የሚከለክለውን አሮጌ ሕጓን በ2017 ሻረች። በ2023 በስዊድንና በዴንማርክ ቁርኣን በአደባባይ ከተቃጠለ በኋላ ደግሞ በዲሴምበር 7 ቀን የሃይማኖት መጻሕፍትን በአደባባይ ማዋረድን የሚከለክል ሕግ ለፓርላማው ቀረበ። 94 አባላት ደገፉት፣ 77 ተቃወሙት።