ስኖውቦርድ፦ ነገሩ ያለው ጉብጠቱ ላይ ነው

ስኖውቦርዶች፣ ማለትም ሁለት እግርን አሥረው በበረዶ ተዳፋት ላይ የሚንሸራተቱባቸው ሰሌዳዎች፣ በሱቅ ግድግዳ ላይ ተደርድረው ሲታዩ የሚለያዩት በላያቸው በተሳለው ሥዕል ብቻ ይመስላል። ሻጩም ብዙ ጊዜ «ይሄ ለጀማሪ፣ ያ ለደፋር» ብሎ ይገላግልዎታል። ከዚያ ይልቅ ሁለቱን አውርዶ ለጥ ባለ ወለል ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይሻላል። አንደኛው ወገቡ ከወለሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብድግ ይልና ወለሉን የሚነካው በፊተኛውና በኋለኛው ጫፉ፣ ማለትም በአፍንጫውና በጅራቱ፣ አጠገብ ብቻ ይሆናል፤ በሥሩ ወረቀት ማሾለክ ይቻላል። ሌላኛው ደግሞ ወገቡ ይተኛና ሁለት ጫፎቹ ይነሣሉ፤ አንዱን ጫፍ በጣት ሲጫኑት ሌላው ብድግ ይላል። የመጀመሪያው ካምበር፣ ሁለተኛው ሮከር ይባላል። በረዶ ላይ እግር የሚሰማው ስሜት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህች ትንሽ ልዩነት ነው።

ካምበር በእያንዳንዱ እግር ለየብቻ ከሚታሰረው ስኪ የተወረሰ፣ የቆየ አሠራር ነው። ሰው ሲቆምበት ወገቡ ተጭኖ ይተኛል፤ ነገር ግን እንደ ጥጥ መንደፊያ ደጋን ተወጥሮ ስለሚቆይ የተጫነበትን ክብደት ወደ ሁለቱ ጫፎች ይገፋዋል። ስለዚህ ተንሸራታቹ ወደ ጣቶቹ ወይም ወደ ተረከዙ ሲያዘነብል የብረት ጠርዙ ከአፍንጫ እስከ ጅራት በረዶውን ይነክሳል። ከኩርባው ሲወጣ ደግሞ ውጥረቱ ይለቀቅና ቦርዱ ሰውየውን ወደ ቀጣዩ ኩርባ ወርወር ያደርገዋል። ይህን ስሜት የለመደ ሰው ሌላ ቦርድ ላይ ሲወጣ የሞተ ነገር የረገጠ ይመስለዋል።

ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያው ነው። ጫፎቹ ሁልጊዜ በረዶውን እንደነኩ ናቸው። ጀማሪ ቦርዱን አግድሞ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ለአፍታ ዘንግቶ በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ ዝቅ ካለበት፣ ጠርዙ በረዶው ውስጥ ይሰካል። ቦርዱ ቀጥ ይላል፤ ሰውየው ግን ጉዞውን ይቀጥላል። ፊቱን ወደ ታች አዙሮ ከነበረ በመዳፉና በጉልበቱ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ከነበረ በመቀመጫውና በጭንቅላቱ ይወድቃል። ለመንገዳገድ እንኳ ጊዜ የለም። ስኖውቦርድ የሚማሩ ሰዎች የእጅ አንጓ መከላከያ እንዲያደርጉ የሚመከሩትም እጅን ዘርግቶ መውደቅ ስለሚበዛ ነው።

ሮከር ይህን ንክሻ ያለዝበዋል። ክብደቱ በሁለቱ እግሮች መካከል ስለሚያርፍና ጫፎቹ ከበረዶው ከፍ ስለሚሉ፣ ቦርዱ እግር ሥር በቀላሉ ይሽከረከራል፤ ጥፋትንም ይቅር ይላል። አሠራሩን በሰፊው ያስለመደው እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ሊብ ቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ስኬት ባናና የሚባል ቦርድ ነው፤ ስሙም የሙዝን ቅርጽ ይናገራል። ሮከር በጠንካራ በረዶ ላይ ያዳልጣል፤ የዚሁ ኩባንያ ሠሪዎች ግን የብረት ጠርዙን ሞገድ ሞገድ አድርገው በመቁረጥ የሚነክስባቸውን ነጥቦች አበዙ። ይረዳል። ካምበርን ግን አይተካም፤ ፈጠን ብሎ ቀጥ ባለ መስመር ሲኬድ ሮከር አፍንጫውን ግራ ቀኝ ማወዛወዙን አይተውም።

«ለጀማሪ ሮከር» የሚለው ምክር እኔን ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳምነኝ። ለስላሳ በረዶ ባለበት አገር እውነት ነው። ሌሊት ቀዝቅዞ እንደ መስታወት በሚጠጥርበት የአሜሪካዋ ቨርሞንት ተዳፋት ላይ ግን፣ የማይነክስ ቦርድ ማለት ልቁም ሲሉት የማይቆም ቦርድ ማለት ነው፤ ጀማሪን ከመውደቅ የባሰ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። አሁን ገበያውን የያዙት ዲቃላ ቦርዶች የመጡት ከዚህ ጭቅጭቅ ነው። ከእግር ሥር ትንሽ ካምበር፣ ጫፎቹ ላይ ትንሽ ሮከር አላቸው። አንዱን ስሜት ሙሉ በሙሉ አይሰጡም፤ ለአብዛኛው ሰው ግን እነሱ ይበጃሉ።

አዲስ የወረደ ጥልቅ በረዶ ላይ ጨዋታው ሌላ ነው። እዚያ ጠርዝ የሚነክሰው ነገር የለም፤ ጥያቄው መንሳፈፍ ወይም መስመጥ ነው። እንዲያውም ስኖውቦርድ የተወለደው በዚህ መንፈስ ነው። ሸርማን ፖፐን እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ሚቺጋን ሁለት ስኪዎችን ለልጆቹ አንድ ላይ አያይዞ የሠራው መጫወቻ በኋላ ስናርፈር ተባለ፤ የባሕር ሞገድ ጋላቢዎችን ሰርፍ በበረዶ ላይ ማምጣት ነበር ሐሳቡ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዲሚትሪ ሚሎቪች በዩታ ዊንተርስቲክ ብሎ ከሠራቸው ቦርዶች አንዳንዶቹም ጅራታቸው ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር። ስንጥቁ ለጌጥ አይደለም፤ ጅራቱ እንዲሰምጥና አፍንጫው እንዲነሣ ነው። ዛሬም የጃፓኑ ኒሴኮን በመሰለ፣ ከሳይቤሪያ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ባሕር አቋርጦ ደረቅና ቀላል በረዶ በሚያራግፍበት ቦታ የሚመረጠው ቦርድ አፍንጫው ሰፊና ረጅም፣ ጅራቱ አጭርና ጠባብ፣ የእግር ማሰሪያዎቹም ወደ ኋላ የተጠጉ ናቸው። ባለ እኩል ጫፍ ቦርድ ይዞ የገባ ሰው አፍንጫው እንዳይቀበር ክብደቱን በኋላ እግሩ ላይ ሲጭን ይውላል፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ የጭኑ ጡንቻ ይቃጠላል። ትክክለኛውን የያዘው ግን መሐል ላይ ቆሞ ይወርዳል፤ የሚሰማውም በየኩርባው ከሥሩ ደግፎ የሚያነሣው የበረዶ ግፊት ብቻ ነው።

እኩል ጫፍ ያለው ቦርድ ቤቱ ዘላዮች ዘንድ ነው። በየትኛውም እግር መርቶ መነሣትና በየትኛውም ማረፍ ለሚፈልግ ሰው አፍንጫና ጅራት መለየት የለባቸውም። ግድግዳው ወደ 7 ሜትር የሚጠጋው የኦሊምፒክ ሃፍፓይፕ (የግማሽ ቱቦ ቅርጽ ያለው መዝለያ) በረዶው ጠንካራ ስለሆነ እዚያ የሚወዳደሩት አብዛኞቹ ከካምበር አይርቁም። ጎኑ ወደ ውስጥ የሰረጎደበት መጠንም የራሱ ቋንቋ አለው፤ የተራ ቦርድ ጎን ከ7 እስከ 9 ሜትር ራዲየስ ያለውን ክብ ቅስት ይከተላል። ራዲየሱ ሲያንስ ቦርዱ ቶሎ ይታጠፋል፣ ሲበዛ በፍጥነት ላይ ይረጋጋል። በዚህኛው ጽንፍ ያሉት ረጅምና ግትር የእሽቅድምድም ቦርዶች በጠንካራ ቦት ጫማ የሚነዱ ናቸው። ቼኳ ኤስተር ሌዴትስካ እ.ኤ.አ. በ2018 የፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ በስኪው የሱፐር ጂ ውድድር ወርቅ ካገኘች በኋላ፣ በዚያው ጨዋታ በእንዲህ ዓይነቱ ቦርድ በስኖውቦርድ ትይዩ ጃይንት ስላሎምም ወርቅ ወስዳለች። ያን ዓይነቱን ቦርድ ላየ ሰው ነገሩ ብዙም አይገርምም፤ ጠርዙ ላይ አጋድሞ ኩርባን መቁረጥ ከስኪ የራቀ ጥበብ አይደለም።

ግትርነትን በእጅ መሞከር ይቻላል፤ ጅራቱን መሬት አስደግፎ ወገቡን መጫን ነው። በቀላሉ የሚለመጠው በዝግታ ሲነዱት ይታዘዛል፣ በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል። የግትሩ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ያልለመደውን ሰው ግን ያደክማል።

ዴንቨርና አውሮራ ካሉት ወገኖቻችን ወይም ዱባይ ከሚሠሩት አንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልሞክር ቢል፣ የሚያገኘው የኪራይ ቦርድ ነው፤ እሱም ባብዛኛው ለስላሳ ዲቃላ ወይም ሮከር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በገበያ አዳራሽ ውስጥ የሚሠራው ስኪ ዱባይ በረዶው የተጠቀጠቀ ስለሆነ እዚያ ከጉብጠቱ በፊት የሚጠየቀው ጠርዙ መሳሉ ነው፤ ጥፍርን በጠርዙ ላይ አግድሞ ሲፍቁት መላግ አለበት። ቀጥሎ ስፋቱ ይታያል። የጫማ ቁጥሩ 44 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በጠባብ ቦርድ ላይ ከቆመ፣ ሲያዘነብል የጫማው ጫፍ ከብረቱ ቀድሞ በረዶውን ይነካና ቦርዱ ከመስመሩ ይነሣል። ስለዚህ ከመከራየቱ በፊት ጫማውን ማሰሪያው ውስጥ አስገብቶ፣ ከጣቶቹና ከተረከዙ በኩል ወደ ውጭ የተረፈው እኩል መሆኑን ጎንበስ ብሎ ማየት ነው፤ ብዙ ከተረፈ ሰፊውን ይጠይቅ።